ጎረቤት የራቀበት ሜዳ

ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ በሀይዌይ 70 ለሚነዳ ሰው ምዕራብ ካንሳስ ማለት እንቅልፍ የሚታገሉበት አገር ነው። የኮሎራዶ ሐበሾች ስለዚያ መንገድ ሲያወሩ ከነፋሱና ከነዳጅ ማደያዎቹ መራራቅ ሌላ የሚያነሡት ነገር የላቸውም። አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ ከባድ መኪና ነጂ ስለሆነ መስመሩን ለዓመታት ተመላልሶበታል፤ ጭነቱ ሁልጊዜ ካንሳስ ሲቲ ወይም ከዚያ ማዶ ስለሚጠበቅ ግን ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ አገሩን አይቶት አያውቅም። ኮልቢ ላይ ወጥተን መንገድ ቁጥር 24ን ስንይዝ፣ «እዚህ ውስጥ ደግሞ ምን አለ ብለህ ነው?» አለኝ።

«ሕግ ላሳይህ ነው» አልኩት። ሳቀ።

በዚያ አገር ግን ሕግ በዓይን ይታያል። የገጠር መንገዶቹ በየማይሉ ይቆራረጣሉ፤ ሁሉም ወይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተሰመሩ ናቸው። ጅረት ቢያጋጥም፣ ጉብታ ቢነሣ መስመሩ እምብዛም አይዛነፍም። አሜሪካኖች ከ1785 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የምዕራቡን መሬት ሰፋሪ ሳይደርስበት በሰንሰለት እየለኩ ጎኑ አንድ ማይል በሆነ ካሬ ይቆራርጡት ነበር። አንዱ ካሬ 640 ኤከር ነው፤ ሩቡ 160። ሜይ 20 ቀን 1862፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት እየታመሰ ሳለ፣ አብርሃም ሊንከን የፈረመው የሆምስቴድ ሕግ ይህችን ሩብ ለጠያቂ ሁሉ የሚሰጥ ነበር። በእኛ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል የሚሆን መሬት ማለት ነው።

የተጠየቀው ትንሽ ነበር። አመልካቹ 21 ዓመት የሞላው ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ በመንግሥት ላይ መሣሪያ ያላነሣ ይሁን። የውጭ አገር ሰው ከሆነ ዜጋ ለመሆን ማሰቡን በጽሑፍ ያስታውቅ። ያላገባች ሴትና ባል የሞተባትም በስሟ መውሰድ ትችል ነበር፤ ባለትዳሯ ግን በባሏ በኩል ካልሆነ አትችልም። ጠቅላላ ክፍያው 18 ዶላር። ከዚያ አምስት ዓመት መሬቱ ላይ ኖሮ፣ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ ይህንንም በሁለት ምስክሮች አስመስክሮ የባለቤትነት ሰነዱን መቀበል ነው። በዚህ መንገድ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች 270 ሚሊዮን ኤከር ወሰዱ፤ ከመላው የአሜሪካ መሬት አንድ አሥረኛው ነው።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ፣ «ይሄማ መሬት ላራሹ ነዋ!» አለ። ርስት ለማስመለስ በፍርድ ቤት ደጃፍ ካረጁ ሰዎች ወገን የተወለደ ነው። እዚያ የሚጠየቀው የማን ልጅ ነህ የሚል ነበር፤ እዚህ የሚጠየቀው ስንት ዓመት ኖርክበት የሚል ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ብዙ የአውሮፓ ገበሬም ዘሩ የማይጠየቅበት አገር አለ ሲባል ሰምቶ ነው ባሕሩን ያቋረጠው። ነገር ግን መሬቱ ባለቤት ነበረው። ፓውኒዎች፣ ኦቶዎችና ሚዙሪያዎች፣ ካንሳዎች፣ ሻያኖች በውልም በግዳጅም እየተገፉ ነው ሜዳው «ነጻ» የሆነው። ፓውኒዎች ከነብራስካ ወደ ዛሬው ኦክላሆማ የተጓዙት በ1870ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሕጉ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። ስለዚህ ሰፋሪውና ተፈናቃዩ ለዓመታት ይተያዩ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የሕጉ አንድ አንቀጽ ነው፤ መሬቱን የፈለገ ራሱ መሬቱ ላይ ይኑር የሚለው። መሬት ሻጩ ነጋዴ ብቻውን እንዳያግበሰብሰው የታሰበ ነው፤ አሳቡም መልካም ነበር። ውጤቱ ግን ሰው በመንደር ተሰብስቦ እየኖረ ወደ እርሻው እንዳይወጣ ከለከለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየሩቡ ላይ ለብቻው ተተከለ፤ ጎረቤቱ ሁሉም ቦታ ቢያዝ እንኳ ግማሽ ማይል ይርቃል፤ ያልተያዘ ሲኖር ደግሞ ሦስትና አራት ማይል። አንዳንዶች ዘዴ ፈጠሩ፤ አራት ይዞታዎች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ቤታቸውን አጠጋግተው ሠሩ። ወዳጄ የተወለደባት የጎጃም መንደር ቤቶቿ የተጠጋጉ ናቸው። «እሳት ቢጠፋባት ሴትዮዋ ከማን ልትጭር ነው?» አለ። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ጨረሰው።

ይህን ያየ አሜሪካዊም ነበር። ጆን ዌስሊ ፓወል አንድ ክንዱን በጦርነቱ ያጣ፣ በ1869 የኮሎራዶን ወንዝ በጀልባ የወረደ ሰው ነው። በ1878 ስለ ደረቁ አገር ባቀረበው ሪፖርት፣ ከ100ኛው የኬንትሮስ መስመር ወዲያ ዝናቡ በዓመት ከ20 ኢንች፣ ማለትም ከ500 ሚሊሜትር ገደማ፣ ስለሚያንስ 160 ኤከር አያኖርም አለ። ለከብት እርባታ የሚሆነው ይዞታ 2,560 ኤከር ይሁን፤ መሬቱም በካሬ ሳይሆን እያንዳንዱ ውኃ እንዲደርሰው ሆኖ ይከፈል፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው ይሠሩ፤ ሰዎቹ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን እንዲኖራቸው፣ እርስ በርስም እንዲረዳዱ። አልሰሙትም። በዚያን ጊዜ መሬቱ ሲታረስ ዝናቡም እየተከተለ ይመጣል የሚል እምነት ነበር፤ የባቡር ኩባንያዎችና የመሬት ደላሎችም ይህን እምነት ለማስተባበል አልቸኮሉም። በ1890ዎቹ ድርቁ ሲጸና ብዙ ጋሪ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ።

ያንን 100ኛውን መስመር የተሻገርነው ሂል ሲቲ ሳንደርስ ነው። ምልክት ፈልጌ አላየሁም። ከመስመሩ ትንሽ ወደ ምሥራቅ፣ በስተግራ በኩል፣ ኒኮዲመስ አለች።

ኒኮዲመስ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች በ1877 የቆረቆሯት ከተማ ናት። ስሟ የወንጌሉ ሰው ቢመስልም፣ በባርነት ውስጥ በነበሩት ዘንድ ሲወራለት ከኖረ ሌላ ሰው የመጣ ነው ይላሉ። ደቡቡ ውስጥ የነጻነት ተስፋ በጨለመበት ዓመት፣ ደብሊዩ አር ሂል የተባለ ነጭ መሬት ሻጭና ጥቁሩ ቄስ ደብሊዩ ኤች ስሚዝ ከሌሎች ጋር ሆነው በኬንታኪ አብያተ ክርስቲያናት እየዞሩ ሰበኩ። በዚያው ዓመት መስከረም ከሦስት መቶ በላይ ሰው ተነሣ። ባቡሩ ኤሊስ ላይ አራገፋቸው፤ የቀረውን መንገድ በእግርና በጋሪ ሄዱት። የተነገራቸው ከተማ ነበር፤ የደረሱበት ግን ዛፍ የሌለው ሜዳ ነው። በቀጣዩ ጸደይ የመጣችው ዊሊያና ሂክማን ባሏ «ያውልሽ ኒኮዲመስ» ብሎ ሲያሳያት ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ ብቻ እንዳየች፣ እንባዋም እንደ መጣ ኋላ አስረድታለች። ሰዎቹ እንደ ቀበሮ ከጉብታ ጎን ፈልፍለው ነበር የሚኖሩት። ወደ መጡበት የተመለሱ ቤተሰቦች ነበሩ። እሷ ቀረች።

የመጀመሪያው ክረምት እንዴት እንዳለፈ ዛሬም በቃል ይወራል። አብዛኞቹ መድረሻቸው ላይ ሥንቁም፣ የእርሻ መሣሪያውም፣ ከብቱም አልቆባቸው ነበር። ከአደን የሚመለሱ ኦሴጆች ከሥጋቸው አካፈሏቸው። እነዚህ አዳኞች ራሳቸው ካንሳስን ለቀው እንዲወጡ የተደረጉ ሕዝቦች ናቸው፤ ታሪኩን የሰማሁት ከተማዋን ለጎብኚ ከምታስረዳ አንዲት የብሔራዊ ፓርክ ሠራተኛ አፍ ሲሆን፣ ይህን ስትናገር ድምፅዋን አልቀየረችም፤ እንደ ተራ ነገር ነው ያለፈችው። ወንዶቹ ለሥራ ወደ ባቡር ሐዲዱና ወደ ምሥራቅ እርሻዎች በእግራቸው ሄዱ፤ የቀሩት በሜዳው የተበተነውን የጎሽ አጥንት እየለቀሙ ሸጡ። የጎሹ ሥጋና ቆዳ ቀደም ብሎ በሌሎች ስላለቀ የቀራቸው አጥንቱ ነበር። በባቡር ተጭኖ ለማዳበሪያ ይፈጫል።

ከዚያ ከተማዋ ተነሣች። ዘካሪ ፍሌቸር ፖስታ ቤቱንና ሆቴሉን ያዘ፤ ሚስቱ ጄኒ ልጆች ማስተማር ጀመረች። ከነዋሪዎቿ አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ በሕዝብ ተመረጠ። ጋዜጦችና ባንክም ነበሯት። ባቡር እንዲመጣላት ነዋሪዎቿ ለኩባንያ ቦንድ ለመሸጥ ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ በ1888 ግን ሐዲዱ ከሰለሞን ወንዝ ማዶ፣ ጥቂት ማይሎች ርቆ አለፈ። ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ነቅለው ሐዲዱ ወዳለበት ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ሕንፃውንም ይዘው። በሜዳው ላይ ከድርቅ ይልቅ ብዙ ከተማ የገደለው እንዲህ ያለው የመሐንዲስ እርሳስ ነው።

ዛሬ ኒኮዲመስ ውስጥ ያሉት ቋሚ ነዋሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አምስት ታሪካዊ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ በ1939 በኖራ ድንጋይ የተሠራው አዳራሽ የጎብኚ መቀበያ ሆኗል። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ግን ሜዳው በመኪና ይሞላል። ከዴንቨር፣ ከካሊፎርኒያ፣ ከቶፒካ የሰፋሪዎቹ የልጅ ልጆች ይመጣሉ፤ ሰልፍ አለ፣ ጸሎት አለ፣ ምግቡ አይነገርም። ብቻቸውን በየሩባቸው ላይ ከተተከሉት ሰፋሪዎች መካከል የብዙዎቹን ዘር ወዴት እንደ ገባ የሚያስታውስ ሰው የለም። ኒኮዲመሶች መሬቱን በየግላቸው ቢወስዱም አመጣጣቸው በጉባኤ ነበር። ሕጉ ያልሰጣቸውን ጎረቤት ከኬንታኪ ይዘውት መጡ፤ እስካሁን የሚገናኙትም ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ በመንገድ 24 እስከ ኦዝቦርን፣ ከኦዝቦርን በ281 ወደ ሰሜን ነዳን። ቀይ ደመና የሚል ትርጉም ያላት ሬድ ክላውድ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር፣ ልክ ነብራስካ እንደተገባ፣ በደራሲዋ በዊላ ካተር ስም የተሰየመ ከ600 ኤከር በላይ የሆነ ሣር አለ። ማረሻ ነክቶት አያውቅም። መኪናችንን አቁመን ገባን። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ አንድ ዘለላ ሣር ለመንቀል ታገለ፤ አልተነቀለም። የዚህ ሣር ሥር ሰው ከሚቆምበት ጥልቀት በታች ይወርዳል፤ የሚበዛውም ሕይወቱ ከመሬት በታች ነው። የእንጨትና የብረት ማረሻ በዚህ አፈር እየተጣበቀ ሲያስቸግር የኖረው ጆን ዲር በ1837 ልሙጥ የአረብ ብረት ማረሻ እስኪሠራ ድረስ ነው።

ያንን የሥር ጥልፍልፍ ሰፋሪው ቤት አደረገው። እንጨት የለም፤ ድንጋይም በየቦታው አይገኝም። ስለዚህ በተለየ ማረሻ ሣሩን ከነአፈሩ እንደ ረጅም ምንጣፍ ይገለብጠዋል፤ በአካፋ ሦስት ጫማ ያህል እየቆረጠ፣ ሣሩን ወደ ታች ደፍቶ ይደረድረዋል። ግድግዳው እስከ ሁለት ሦስት ጫማ ይወፍራል። አንድ ደህና ቤት የአንድ ኤከር ሣር ሊበላ ይችላል። በበጋ ቀዝቃዛ፣ በክረምት ሞቃት ነው፤ የእሳት ቃጠሎ ሜዳውን ሲያነድደው ቤቱን አይነካውም። ጣጣው ጣሪያው ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ውጭው አባርቶ ውስጡ ለሁለት ቀን ያንጠባጥባል፤ ጭቃው ድስት ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴ እባብ ይወርዳል። ሴቶቹ ጣሪያው ሥር አቡጀዲ ይወጥሩ ነበር።

ፎቶግራፈሩ ሰለሞን ቡቸር ከ1886 ጀምሮ በነብራስካ ኩስተር አውራጃ በጋሪ እየዞረ እነዚህን ቤቶች አንሥቷል። ሰዎቹ ቤታቸው ፊት ተደርድረው፣ ያላቸውን ንብረት ሁሉ አውጥተው ይታያሉ፤ ፈረሶቻቸው፣ የልብስ ስፌት መኪናቸው፣ የወፍ ጎጆ፣ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ሐብሐብ። አራቱ የክሪስማን እኅትማማቾች ከአፈር ቤቱ ፊት ከነፈረሶቻቸው ቆመዋል። አንዲት እመቤት ደግሞ የአፈር ቤቷ በምሥራቅ ባሉ ዘመዶቿ እንዳይታይባት ብላ፣ ከባዱ ኦርጋን ተሸክመው አውጥተው የከብት ግቢው ውስጥ አጠገቡ ቆመው እንዲነሡ አድርጋለች። ይህን ፎቶ ለወዳጄ በስልክ አሳየሁት። «የእኛዎቹስ አዲስ መኪና ተደግፈው ነው የሚልኩት» አለ፤ እውነቱን ነው።

የማገዶው ነገር ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዛፍ በሌለበት አገር ሴትና ሕፃን በማለዳ በሽርጥና በጆንያ የጎሽ ኩበት ይለቅማሉ፤ ጎሹ ሲያልቅ የላም። ከምሥራቅ የመጣችው ሙሽራ በመጀመሪያ በጨርቅ ይዛ፣ ከዚያ በሁለት ጣቷ፣ በመጨረሻ እጇን ሳትታጠብ ሊጥ እስከ መለንቀጥ ትደርስ ነበር ብለው ይቀልዱባታል። አንዲት የሰሜን ሸዋ እናት ግን ኩበት ጠፍጥፋ ስታደርቅ ያደገች ስለሆነች በዚህ አትስቅም፤ ምን ዓይነት ኩበት ቶሎ እንደሚያያዝ ልትነግራቸው ትችል ነበር። ከኩበቱ ሌላ የተጠማዘዘ ድርቆሽና የበቆሎ ቆረቆንዳ ይነድዳል። ውኃው ከወንዝ በበርሜል ይመጣል፤ ጉድጓድ ከተቆፈረም አንዳንዴ ከመቶ ጫማ በታች ነው። ቅቤና እንቁላል ሸጣ ቡናና ስኳር የምታስገባው የሰፋሪው ሚስት ናት። ሰነዱ ላይ የሚጻፈው የባሏ ስም ነው።

ስለ አንበጣው ብዙ ተጽፏልና አልደጋግመውም። በ1874 የመጣው መንጋ ከእህሉ አልፎ የአካፋ እጀታና በገመድ የተሰጣ ልብስ በልቷል። ያ የአንበጣ ዝርያ ራሱ ከ1902 ወዲህ በሕይወት አልታየም፤ ከምድር ጠፍቷል።

ብርዱ ግን ይነገር። በጃንዋሪ 12 ቀን 1888 ጠዋቱ ለወሩ ያልተለመደ ሞቃት ነበር፤ ልጆች ያለ ካፖርት ትምህርት ቤት ሄዱ። ከቀትር በኋላ የበረዶ ውሽንፍር በድንገት ወረደና እጅን ዘርግቶ ማየት እስኪያቅት ድረስ ሜዳውን ሸፈነው። ከ200 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ስለነበሩ ማዕበሉ በእነሱ ስም ይጠራል። ከቤታቸው ጥቂት እርምጃ ላይ የሞቱ አሉ። ያን ቀን ግማሽ ማይል ምን ያህል እንደሚርቅ ቀያሹ አላሰበበትም ነበር።

ሬድ ክላውድ ዊላ ካተር በዘጠኝ ዓመቷ፣ በ1883፣ ከቨርጂኒያ መጥታ ያደገችባት ከተማ ናት። «የኔ አንቶኒያ» የተባለውን የ1918 ልብ ወለዷን የጻፈችው በጎረቤት ባወቀቻት ቦሔሚያዊት፣ በአና ሳዲሌክ ሕይወት ተመርታ ነው። የአና አባት ፍራንሲስ ሳዲሌክ እዚህ ከሰፈሩ ብዙም ሳይቆዩ በክረምት ራሱን በጥይት ገደለ። በአገሩ ሙዚቃ የሚወድ፣ ከሰው መሐል የኖረ ሰው ነበር ይባላል። አና ግን ቀረች፤ አገባች፣ ብዙ ልጆች ወለደች፣ ፍራፍሬ ተከለች። የእርሻ ቤቷ ከከተማው በስተሰሜን አሁንም አለ፤ የምግብ ማከማቻ ምድር ቤቱም እስከዛሬ ይታያል። ያ ሜዳ አባትየውን ሰበረው፤ ልጅቷን አላሸነፋትም። ለምን እንደሆነ ልብ ወለዱም አይመልስም፤ እኔም አልሞክርም።

በመጨረሻ ቢያትሪስ ገባን። ከተማዋ አጠገብ ያለው ብሔራዊ ፓርክ የዳንኤል ፍሪማን ይዞታ የነበረ ነው። ፍሪማን ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1863፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ብራውንቪል ያለውን የመሬት ጽሕፈት ቤት አስከፍቶ እንደተመዘገበ ይተረካል፤ በዚህም የመጀመሪያው ሰፋሪ ይባላል። እሱና ሚስቱ አግነስ የተቀበሩት እዚያው መሬታቸው ላይ ነው። የሙዚየሙ መግቢያ ላይ ሕጉ የሠራበት የእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ቅርጽ በብረት ተቆርጦ ቆሟል፤ በዚህ ሕግ የተሰጠው መጠን በቀዳዳ ይታያል። የነብራስካ ቀዳዳ 45 በመቶ ነው። ይህን ዓይነት መግለጫ ከብዙ ጽሑፍ እመርጣለሁ፤ ወዳጄም ቆሞ በጣቱ ለካው።

ከፍሪማን የማከብረው ግን ቀዳሚነቱን አይደለም። በእርጅናው፣ ይዞታው አጠገብ ባለችው ባለ አንድ ክፍል የሸክላ ትምህርት ቤት አስተማሪዋ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበች ስታስጸልይ አልስማማም ብሎ ከሰሰ፤ በ1902 የነብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። መሬት ለመያዝ ከሁሉ የቀደመ ሰው ትምህርት ቤቱ የሁሉም ጎረቤት ነው ብሎ ተሟገተ ማለት ነው። ትምህርት ቤቷ እስከ 1967 ልጆች ስታስተምር ኖራለች፤ በሯ ክፍት ነበር፣ ገብተን ዴስኩ ላይ ተቀመጥን፣ የወዳጄ ጉልበት አልገባም።

ሕጉ በ1976 ከአላስካ በስተቀር ተሻረ፤ በአላስካም በ1986 አበቃ። ቢያትሪስ ግን በ2010 የራሷን አወጣች። የከተማው አስተዳደር ባዶ የሆኑትን ቦታዎች ቤት ሠርቶ ለተወሰኑ ዓመታት ለሚኖርባቸው ሰው በነጻ እሰጣለሁ አለ፤ ስሙንም የሆምስቴድ ሕግ ብሎ ጠራው። በዚህኛው የሚሰጠው የከተማ ቦታ ነበር፤ ውኃውና መብራቱ በር ላይ አለ፣ የጎረቤት ሣር ማጨጃም ይሰማል። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ አጠፋውና ስለ ቤት ማሠሪያው ዋጋ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ኦማሃ ያሉት ሐበሾች ምን ያህል እንደሚርቁ ጠየቀኝ። የማውቀውን ነገርኩት።

«ጥቂት ዓመት መኖር ምንም አይደለም» አለ በመጨረሻ፤ «ግን ሚስቴን ሳልጠይቅ አልፈርምም።»